ተዘቅዝቆ የበቀለው ተክልና ስምንቱ ቀናት

ኩማ በሕይወቱ እውነትን አውቆ የሸሸገው ለስምንት ቀናት ብቻ ነው። ይህን የሚናገረው ራሱ ነው፤ ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠውን ምስክርነት በጥርጣሬ መስማት የሚገባ ቢሆንም፣ ሚስቱ ታቢታም ሆነች ጎረቤቶቹ የሚሉት ከዚህ አይለይም። ከእነዚያ ቀናት በፊትና በኋላ ያለው ኑሮው የተስተካከለ፣ ጸጥ ያለ፣ ለወሬም የማይመች ነው። ስለዚህ ሰውየውን ማወቅ የሚፈልግ ስምንቱን ቀናት መመርመር ይኖርበታል።

የተወለደው ከሐዋሳ የግማሽ ቀን መንገድ በሚያስኬድ የሲዳማ ገጠር፣ በእንሰት ተክሎች መካከል ነው። በሃያ ዓመቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ወረደ፤ ድንጋይ ተሸከመ፤ ሻሸመኔ አጠገብ በነበረ አንድ እርሻ ሁለት ዓመት አረም ነቀለ፤ በመጨረሻም በሐዋሳ ዳርቻ ባለ አንድ የችግኝ ጣቢያ የቀን ሠራተኛ ሆነ። ይህ ታሪክ በተፈጸመበት በ1975 ዓ.ም. ዕድሜው አርባ አራት ነበር፤ በጣቢያው አሥራ አንደኛ ዓመቱን ይዟል፤ አሁንም የቀን ሠራተኛ ነው።

በቀን ሠራተኛና በቋሚ ሠራተኛ መካከል ያለው ልዩነት ላልደረሰበት ሰው ትንሽ ይመስላል። ቋሚው ሲታመም ፈቃድ፣ ሲያረጅም ጡረታ አለው። የቀን ሠራተኛው ግን በየጠዋቱ ከጣቢያው በር ላይ ቆሞ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል፤ ካልተጠራ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ኩማ አሥራ አንድ ዓመት በዚያ በር ላይ ቆሟል። ቂም አልያዘም፤ ይሁን እንጂ ቆጥሯል።

በዚያ ዓመት ለጣቢያው አንድ የሙከራ ረዳት በቋሚነት እንዲቀጠር ተፈቀደ። የጣቢያው የእርሻ ባለሙያ ጉልላት ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ቁጥብ፣ ከሰው ቃል ይልቅ በወረቀት ላይ የሰፈረውን የሚያምን ሰው ነበር። ቢሆንም ኩማ ችግኝ ሲያዛውር እጁ እንደማይሳሳት ደጋግሞ አይቷል። አንድ ቀን ወደ መደቡ ዳር ጠርቶ እንዲህ አለው፦

«አቶ ኩማ፣ ለቦታው የሚወዳደሩት ሁሉ የትምህርት ወረቀት ይዘው ነው የሚመጡት፤ እርስዎ የለዎትም። በግቢዎ የራስዎን አንድ ሙከራ ያሳዩኝ። ውጤት ካየሁ እሱን ይዤ እከራከርልዎታለሁ። መጋቢት ሃያ መጥቼ አያለሁ።»

ኩማ ሙከራ ነበረው። ተክልን ዘቅዝቆ ማብቀል ነው።

ሐሳቡ ከእብደት የመጣ አይደለም፤ ከእንሰት የመጣ ነው። እንሰት የሚራባው በዘር አይደለም። ከመሬት በላይ ያለው ግንድ ይቆረጣል፤ አፈር ውስጥ ያለው ጉቶ፣ አሚቾ የሚሉት፣ ተነቅሎ ይወጣል፤ በእምብርቱ ያለው ቡቃያ በቢላ ተቦርቡሮ ይጣላል፤ ከዚያም ጉቶው ተመልሶ ይቀበራል። እንዲህ ራሱን ያጣው አሚቾ ከጥቂት ወራት በኋላ በዙሪያው ሃምሳና ስድሳ ችግኝ ያፈልቃል። የኩማ አባት ይህን ሲሠራ፣ የመካከሉ ቡቃያ እያለ የጎኖቹ በታላቅ ፊት እንደ ተቀመጡ ታናናሾች እንደሚያፍሩና ብቅ እንደማይሉ ለልጁ ነግሮት ነበር። ኩማ ይህን ለዓመታት ሲያሰላስል ቆይቶ አንድ መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ራሱን ሳይቆርጡትም ተክሉን ማታለል ይቻላል። ቁልቁል ቢሰቀል ራሱ ከሁሉ በታች ይሆናል፤ የጎን ቡቃያዎቹም ከታላቃቸው በላይ ሆነው ራሳቸውን ሲያገኙ ደፍረው ይወጣሉ።

ሌላው ምክንያት ግቢው ነው። ቤቱ ያለው በታቦር ዳገት ላይ ነው፤ እዚያ ዶማ አንድ ክንድ ሳይዘልቅ ከድንጋይ ጋር ይጋጫል። ሐይቁን ከፊት ለፊት ማየት ይቻላል፤ ጎመን ማብቀል ግን አይቻልም። ስለዚህ ኩማ ፒያሳ ሱቅ ካለው ወዳጁ ከጠሀ ባዶ የዘይት ቆርቆሮዎች ለመነ፤ አሥራ ሁለቱን በጣሪያው ክፈፍ ሥር በሽቦ ሰቀለ። የእያንዳንዱን ቆርቆሮ ታች በስቶ ችግኙን ከውስጥ፣ ራሱን ቁልቁል አድርጎ፣ በቀዳዳው ያሳልፋል፤ ሥሩን ቆርቆሮው ውስጥ አስቀርቶ አፈር ይሞላበታል። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጎመንና ሁለት የቡና ችግኞች እንዲህ ሆነው ተሰቀሉ። የሚያየውንም ሁሉ በየቀኑ በደብተር ጻፈ። ፊደል የቆጠረው ጎልማሳ ከሆነ በኋላ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብ ሲል ነበርና ጽሑፉ አጭርና ጥንቁቅ ነው።

በአጥሩ ማዶ የምትኖረው እህተማርያም፣ ባሏ ከሞተ የቆየ፣ ምላሷ ያልሞተ አሮጊት፣ ይህን አይታ ዝም አላለችም።

«አንተ ኩማ፣ ቃሪያው ምን በድሎህ ነው የሰቀልከው?»

«ሊወልድልኝ ነው፣ እትዬ።»

«ተሰቅሎ የወለደ አላየሁም። ለማንኛውም ሲወልድ ጥራኝ፤ ገንፎውን እኔ አመጣለሁ።»

የመጀመሪያዎቹ ወራት ለእህተማርያም መሳቂያ የሚበቃ ነገር አልነፈጓትም። ጎመኑ ደረቀ። ቡናዎቹ አንድ ቅጠል ሳይጨምሩ ከረሙ። የቲማቲሞቹ ራሶች በአራተኛው ቀን እንደ ሜንጦ ታጥፈው ወደ ሰማይ ቀኑ፤ የጎን ቅርንጫፍም ከሁለትና ከሦስት አልበለጠም። ኩማ ሁሉንም እንደሆነው ጻፈ። ያልተሳካለትን ሙከራ ሳያሳምር መጻፍ ቀላል አይደለም፤ ይህን ማድረጉ ሊታወቅለት ይገባል።

በጥር መጀመሪያ በጠሀ ሱቅ በረንዳ ላይ ሻይ የሚጠጣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር የዚህን ወሬ ሰማ። ጠሀ ወዳጁን ለማብሸቅ ነገሩን እያጋነነ ነበር የሚያወራው። ሹፌሩ ከኮቱ ኪስ በወረቀት የተጠቀለሉ ስድስት ፍሬዎች አውጥቶ ለኩማ ሰጠው፤ ከግንዱ ልጥ ገመድና ጆንያ የሚሠራበት ተክል እንደሆነ፣ በሌሎች አገሮችም በሄክታር እንደሚዘራ ነገረው። ገመድና ጆንያ በዚያን ጊዜ በጣም የሚፈለጉ ዕቃዎች ነበሩ። ሹፌሩ የተናገረው ውሸት አልነበረም፤ የተናገረው ግን ግማሹን ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ ያስቀረው ሳያውቅ ይሁን ወይም እያወቀ፣ መኪናውን አስነሥቶ ስለሄደ አይታወቅም።

ኩማ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጡ ቃጫ ይሰጣል ወይ? ይሰጣል ተባለ። ለእሱ ይህ በቂ ነበር። ቃጫ በእሱ ዓለም ከእንሰት የሚፋቅ ነገር ነው፤ ስለዚህ ቃጫ የሚሰጥ ሁሉ የእንሰት ዘመድ ነው፤ ዘመዱ ከሆነም ጠባዩ አንድ ነው፤ ራሱ ዝቅ ሲል ይወልዳል። እንሰት ያሳደገው ሰው ካልሆነ በቀር በዚህ መንገድ የሚሳሳት የለም።

«ውሰድ፣ ውሰድ» አለው ጠሀ እየሳቀ። «ገመዱ ሲደርስ መጀመሪያ የምትታሰረው አንተ ነህ።»

ከስድስቱ ፍሬዎች የጸደቀው አንድ ነው። አንድ ስንዝር ተኩል ሲሆን ኩማ ወደ ቆርቆሮ አዛወረውና በደብተሩ «የካቲት 6። የቃጫ ተክል ተሰቀለ። ቀዳዳው ጠበበ፤ በግድ አለፈ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ የሆነው እሱንም አስደነቀው። ተክሉ ለአንድ ሳምንት ያህል ቆም ካለ በኋላ ከየቅጠሉ ብብት ቅርንጫፍ ያወጣ ጀመር። በመጋቢት መግቢያ የጎን ቅርንጫፎቹ አሥራ አራት ደረሱ፤ ከቆርቆሮው ዙሪያ ወጥተው ወደ ላይ ተንሰራፉ። ቅጠሉ እንደ ተዘረጋ እጅ ጣት ጣት ያለው፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተሸረከተ፣ ለዓይን የሚያምር ነበር። ኩማ በዚያ ቀን የጻፈው አንድ ቃል ነው፤ «ተሳካ።» ማታ እራት ላይ ለታቢታ የቋሚ ሠራተኛ መታወቂያ ፎቶግራፍ እንደሚለጠፍበት ነገራት። ኮት ከማን እንደሚዋስም አሰበ።

መጋቢት 12 ቀን ከሥራ ተመልሶ ተክሉን ሲያጠጣ አንድ ቢጫ ቅጠል ነቀለና ሳያስበው በጣቶቹ መካከል አሸው። ሽታውን አወቀው።

ሻሸመኔ አጠገብ በነበረው እርሻ ሳለ አንድ ቀን አለቃው ከመጋዘን ጀርባ የተደበቀ ተክል አግኝቶ ነበር። ሠራተኞቹን ሁሉ አሰልፎ ቅጠሉን በመዳፉ አሽቶ በተራ በየአፍንጫቸው አቀረበላቸው። ሐሺሽ እንደሆነ ነግሮ፣ ይህን ሽታ በእርሻው ውስጥ የሚያገኝ ሳይውል ሳያድር እንዲናገር፣ ያልነገረም እንደ ዘሪው እንደሚቆጠር አስጠነቀቀ። ኩማ ያን ሽታ ከዚያ በኋላ አላገኘውም ነበር፤ ግን አልረሳውም።

እዚህ ላይ ለኩማ ማመካኛ ልንፈልግለት እንችላለን። አሥራ አንድ ዓመት በር ላይ ቆሟል፤ ጉብኝቱ ሊደርስ የቀረው ስምንት ቀን ነው፤ ካሉት አሥራ ሁለት ቆርቆሮዎች ሐሳቡን የደገፈለት ይህ አንዱ ብቻ ነው፤ ያለ እሱ ለጉልላት የሚያሳየው የታጠፉ ቲማቲሞችንና የደረቀ ጎመን ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ለምን እንደፈለገው ያስረዳሉ እንጂ ለምን እንደተፈቀደለት አያስረዱም። ኩማም ለራሱ ይህን ማመካኛ አልሰጠም። ለራሱ የነገረው ከዚህ ያነሰ ነገር ነው፤ ሽታ ያታልላል፤ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ጉብኝቱ ካለፈ በኋላ እነቅለዋለሁ። እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ግን የሚሠራውን አልሠራም። ቆርቆሮውን ወደ ግድግዳው ጥግ አዛወረው። በአጥሩ በኩል የእህተማርያም ዓይን እንዳይደርስ አሮጌ ምንጣፍ በሽቦ ላይ ሰቀለ። በየማታውም ደብተሩን አውጥቶ የቅርንጫፎቹን ቁጥር ሲመዘግብ «የቃጫ ተክል» እያለ ጻፈ። የተደበቀ ነገር ገና የሚገለጥበት ጊዜ ሊኖረው ይችላል፤ የተጻፈ ሐሰት ግን ከተጻፈ በኋላ ሐሰት ነው። ኩማ ይህን ስምንት ጊዜ ጻፈ።

እሱና ታቢታ ይጸልዩበት የነበረው ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ከታሸገ ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ሥራ ከመግባታቸው በፊት ሁለት ሆነው በቤታቸው ይጸልያሉ፤ አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን እሷ ድምፅ ያወጣሉ፤ ሌላው አሜን ይላል። በዚያ ሳምንት ኩማ ተራው ሲደርስ ጉሮሮዬን አመመኝ እያለ ለታቢታ ይለቅላት ጀመር። ታቢታ በእግር በሚነዳ የስፌት መኪና የተማሪ ልብስ እየሰፋች የምታድር፣ ጥቂት የምትናገር፣ ስፌት ሲወላገድ ሳትነግር የማታልፍ ሴት ናት። ሰባት ቀን ታገሠች። በመጋቢት 19 ማታ ኩማ ደብተሩን ጽፎ ሲከድን የስፌት መኪናውን መንኮራኩር በእጇ ያዘችና አቆመችው።

«የወንጌላዊት አባት» አለችው፤ ዲላ በተዳረች ልጃቸው ስም ነበር የምትጠራው። «ሳምንቱን ሙሉ አሜን ስትል እሰማሃለሁ። ስትጸልይ ግን አልሰማሁህም።»

ኩማ ሁሉንም ነገራት። ታቢታ ፈራች፤ መፍራቷም አያስነቅፋትም። በዚያ ዘመን ጴንጤ ተብሎ የተመዘገበ ሰው ግቢ ውስጥ ሐሺሽ ቢገኝ ነገሩ በተክሉ ላይ የሚያበቃ አልነበረም። አሁኑኑ ነቅሎ ምድጃ ውስጥ እንዲከተው፣ አመዱንም እንዲበትነው ነገረችው።

«ካቃጠልኩት መደበቄ አያበቃም» አላት። «ደብተሩ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ደብተሩን ማን ያነበዋል?»

«እኔ።»

ታቢታ የጀመረችውን ስፌት ከመኪናው ሥር አወጣች።

«እንግዲያው በር ላይ ንገራቸው» አለችው። «ከገቡ በኋላ ከሆነ ተይዘህ ነው። ሳይገቡ ከሆነ ተናግረህ ነው።»

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከተባለው ሁሉ ብልህ የሆነው ይህ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጉልላት ዳገቱን ወጥቶ መጣ። የግቢ አትክልት ጉዳይ የቀበሌውንም የሚመለከት ስለነበረ ብርሃነሽ የምትባል የቀበሌው ተወካይ አብራው ነበረች፤ ዶሴ በብብቷ ይዛለች። ኩማ ከበሩ ውጭ ቆሞ ጠበቃቸው። ሰላምታ ከሰጠ በኋላ ሳያንገራግር ተናገረ፤ በደብተሩ የቃጫ ተክል እያለ የጻፈው ተክል ሐሺሽ ነው ብሎ ያምናል፤ ፍሬውን ሲዘራ አያውቅም ነበር፤ ካወቀ ግን ዛሬ ስምንት ቀኑ ነው።

ብርሃነሽ ዶሴዋን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረች።

«ስምንት ቀን አውቀህ ዝም አልክ?»

«ስምንት ቀን።»

«ስምንት በል ብሎ ማን አስገደደህ? ትናንት አወቅሁ ብትል ማን ያውቅብህ ነበር?»

የኩማን መልስ ቀድሞ ከአጥሩ ማዶ የእህተማርያም ድምፅ ተሰማ። «እኔ ደግሞ ምንጣፉን ያየሁ ቀን ከሚስቱ ተጣልቶ ውጭ ሊተኛ ነው ብዬ ነበር።»

ገቡ። ጉልላት ምንጣፉን ገልጦ፣ በርጩማ ላይ ቆሞ፣ ተክሉን ከቆርቆሮው ቀዳዳ ጀምሮ በጣቱ እየተከተለ መረመረው። ተክሉ ምን እንደሆነ ለመናገር ጊዜ አላጠፋም፤ ኩማ እንዳለው ነው። ከበርጩማው ግን አልወረደም። ቅርንጫፎቹን በሁለት እጁ ፈልቅቆ ወደ መካከሉ ተመለከተ።

«ራሱ የለም» አለ።

ኩማ ቀረብ ብሎ አየ። ዋናው ግንድ ከቀዳዳው አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ያልቃል፤ ጫፉ ላይ የደረቀ፣ ጥቁር ጠባሳ አለ። አሥራ አራቱም ቅርንጫፎች ከዚያ ጠባሳ በላይ የወጡ ናቸው።

«መቼ ነው የተሰበረው?» ሲል ጉልላት ጠየቀ።

ኩማ ደብተሩን አምጥቶ ገለጠለት። «የካቲት 6። ቀዳዳው ጠበበ፤ በግድ አለፈ።» ጉልላት ይህን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እንግዲህ ቅርንጫፍ ያበዛው ስለተዘቀዘቀ አይደለም፣ አቶ ኩማ። በቀዳዳው ሲያልፍ ራሱን ስላጣ ነው። የቲማቲሞቹ ራስ ግን አልተሰበረም፤ ወደ ላይ ታጥፎ እንደገና ይገዛቸዋል። አባትዎ በአሚቾው ላይ ይሠሩት የነበረው ልክ ነው። ስሕተቱ እርስዎ የጨመሩት ነው።»

ኩማ በርጩማው ጠርዝ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ስምንት ቀን የሸሸገው፣ የሚጸልይበትን አፍ የዘጋበት፣ ስምንት ጊዜ ሐሰት ያስጻፈው ማስረጃ፣ ማስረጃ አልነበረም። አሁን ሲጠይቁት ሊያለቅስ ይገባው እንደነበረ ይናገራል፤ ታቢታ ግን ሳቀ ትላለች። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። ብርሃነሽ ሰውየው የታመመ መስሏት ነበር።

የቀረው እንደሚጠበቀው ሆነ። ተክሉ ከነቆርቆሮው ወደ ቀበሌው ተወስዶ በሦስት ሰዎች ፊት ተቃጠለ፤ ሦስቱም ፈረሙ። ኩማ እስከ ማምሻው ድረስ ተይዞ ስለ ሹፌሩ ተጠየቀ፤ የሚያውቀውን ተናገረ፤ የሚያውቀውም ከአንድ ኮት የማይበልጥ ነበር። ጠሀም ተጠርቶ ያንኑ መሰከረ፤ ሲወጡም «ገመዱ ደረሰ፤ መጀመሪያ የምትታሰረው አንተ ነህ ብዬህ አልነበር?» አለው። ኩማ ሳይያዝ በፊት ራሱ ስለተናገረ ወደ ፍርድ ቤት አልተላከም፤ በእሑዱ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ግን ቆሞ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ተወሰነ።

ግለ ሂስ በዚያ አዳራሽ የታወቀ ሥርዓት ነበር፤ ሰው ይቆማል፤ ጥፋቱ ከንቃተ ህሊና ማነስ እንደመጣ ይናገራል፤ ይቀመጣል። ኩማ ግን በደልን በሰው ፊት መናገርን የተማረው ከሌላ ቦታ ነው፤ እዚያ ደግሞ እንዲህ በአጭሩ አይታለፍም። የንቃት ማነስ እንዳልሆነ፣ አውቆ እንደሠራው፣ የራሱን ሙከራ ከእውነት እንዳስበለጠ፣ ምንጣፉንም ለዚህ ብሎ እንደሰቀለ፣ ስምንቱን ቀናት አንድ በአንድ ተናገረ። የስብሰባው ጸሐፊ ለእንዲህ ያለው ጥፋት በቅጹ ላይ ቦታ ስላላገኘለት «የንቃተ ህሊና ማነስ» ብሎ ጻፈ።

የሙከራ ረዳትነቱ ቦታ ወረቀት ለነበረው ሌላ ሰው ተሰጠ። ይህ ትክክል ነበር፤ ኩማም ትክክል ነው ብሏል። ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው በየጠዋቱ በር ላይ ቆመ። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። ጉልላት ሁለት የቃሪያ መደቦች አዘጋጀ፤ የአንዱን ችግኞች ራስ በጥፍር ቆረጡ፤ የሌላውን ተዉት። ቅርንጫፉንና ፍሬውን እንዲቆጥርና እንዲጽፍ የታዘዘው ኩማ ነው። ራሳቸውን ያጡት ችግኞች አብዝተው አፈሩ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ውርጭ የመታቸው ሳምንት መጣና ከሁለቱም መደብ ብዙ ችግኝ ሞተ፤ ኩማ ይህንንም እንደሆነው ጻፈ። ጉልላት የተጻፈውን ከመደቡ ጋር እያስተያየ ለብዙ ጊዜ መረመረ። አንድም ቀን ልዩነት አላገኘም።

በሦስተኛው ዓመት አንድ አሮጌ ቋሚ አትክልተኛ ጡረታ ወጣ። ጉልላት ኩማ በቦታው እንዲቀጠር ለበላይ ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤው ስለ ትጋቱም ስለ ልምዱም ብዙ አላለም፤ በመጨረሻው መስመር ላይ ግን «ይህ ሰው የጻፈውን ማመን ይቻላል» የሚል ዐረፍተ ነገር አለበት። ኩማ ያን ደብዳቤ ሲያነቡለት በስምንቱ ቀናት የጻፋቸውን ስምንት መስመሮች አስታወሰ። አልሰረዛቸውም። በእያንዳንዱ ሥር በቀይ እስክሪብቶ ትክክለኛውን ስም ጽፎበታል፤ ጉልላትም ይህን አይቶ እንደነበረ በኋላ ነው ያወቀው።

የቅጥሩ ወረቀት በደረሰ ቀን እህተማርያም በአጥሩ ቀዳዳ ሳይሆን በበሩ በኩል ገባች። በእጇ ቅቤ የተሞላ ገንፎ ይዛለች።

«ወለደ አሉኝ» አለች።

«ዘገየ እንጂ ወልዷል፣ እትዬ።»

ታቢታ ሦስት ማንኪያ አመጣችና ደጅ ተቀምጠው በሉ። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ሦስት ቆርቆሮዎች አሁንም ተሰቅለዋል፤ ኩማ ስሕተት መሆናቸውን ያውቃል፤ የሚያኖራቸው ቲማቲሞቹ ራሳቸውን እንዴት አጥፈው ወደ ሰማይ እንደሚመለሱ ማየት ስለሚወድ ነው። ፍሬያቸው ትንንሽ ነው፤ ጣዕማቸው ግን አይከፋም። እህተማርያም ከመሄዷ በፊት አራቱን ቀጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፤ የተሰቀለ ነገር ለወጥ ይሆን እንደሆነ ልትሞክር ነው።

በማግስቱ ኩማ የተዋሰውን ኮት ለብሶ ወደ ጣቢያው ሄደ። የቀን ሠራተኞቹ በር ላይ ተሰብስበዋል፤ እሱም እንደ ልማዱ በመካከላቸው ቆመ። ስም ተጠራ፤ የሌሎቹ ሁሉ ተጠራ፤ ሰው ሁሉ ገባ። ኩማ ብቻውን ቀረ። ስሙ እስኪጠራ ጠበቀ።

ጉልላት ከውስጥ አየውና ወደ በሩ መጣ።

«ምን ይጠብቃሉ፣ አቶ ኩማ?»

ኩማ ለመመለስ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ የሚጠብቀው ነገር እንደሌለ አስታወሰ። ኮቱን አወለቀ፤ በክንዱ ላይ አጠፈው፤ ገባና ዶማውን አነሣ።